ጡረታ የወጣው ጥያቄ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በየቤቱ እንዳለው ተናጋሪ ግድግዳ ሁሉ፣ ግድግዳዬ ዜና ማንበብ ይጀምራል። እኔ ውሃ እጥዳለሁ፣ አልጋዬን አነጥፋለሁ፣ ፊቴን እታጠባለሁ። አንባቢው "በዘንድሮው መኸር ከፍተኛውን የሰሊጥ ምርት ያስመዘገበው ዞን የትኛው ነው?" ብሎ አራት ምርጫ ይዘረዝርና ትንሽ ዝም ይላል። በዚያች ዝምታ ውስጥ ጥርሴን እየቦረሽኩ "ሐ" እላለሁ። አረፋው መስታወቱ ላይ ይረጫል። መልሱ "ሐ" ከሆነ መስታወቱን ደስ ብሎኝ እወለውላለሁ። ካልሆነ አረፋው እዚያው እንዲደርቅ እተወዋለሁ። በሃምሳ ዓመቴ ራሴን የምቀጣው እንደዚህ ነው።

ዳቦና ሻይ ሳቀርብ የእርማት ሰዓት ይደርሳል። ትናንት ትክክል የነበሩ መልሶች ከዛሬ ጀምሮ ምን እንደሆኑ ይነገራል። የስንዴው "ለ" ወደ "ሀ" ተዛውሯል፤ የአዲሱ አየር ማረፊያ መሐንዲስ ሌላ ሰው ሆኗል። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም አልጠይቅም፤ እጽፋለሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በኢኮኖሚ ታሪክ ነው። ርዕሱ የአሞሌ ጨው ንግድ ነበር። ጨው እስካሁን አንድም ጊዜ አልተጠየቀም።

ከቱሉ ዲምቱ ወደ ከተማ የሚወስደው ታክሲ ያለ ሹፌር መሄድ ከጀመረ ቆይቷል። ረዳቱ ግን አልቀረም። እሱም ተፈታኝ ስለሆነ መንገድ ላይ ያጠናል፤ የሚያጠናው ደግሞ በእኛ ነው። "የኋላ ወንበር! የወደብ ስምምነቱን የፈረሙት ስንት አገሮች ናቸው? ያልመለሰ ጠጋ ይበል!" ይላል። ያልመለሱት ይጠጋጋሉ። እኔ ብዙ ጊዜ ሰፋ ብዬ ነው የምቀመጠው፤ ከትምህርቴ ያገኘሁት ጥቅም ይኸው ነው።

ሥራዬ ባንክ ውስጥ ነው። ገንዘብ የሚቆጥረው፣ ብድር የሚፈቅደው፣ ፊርማ የሚያመሳክረው ማሽኑ ነው። እኛ መስኮቶቹ ጀርባ የምንቀመጠው ብቃት እንዲኖር ነው። ሰው ገንዘቡን ባስቀመጠበት ቤት ውስጥ ብቁ ሰው ተቀምጦ ማየት ይወዳል ይባላል። የብቃት ማረጋገጫዬ ከራሴ በላይ ተሰቅሎ ይበራል፤ ካልታደሰ መብራቱ ይጠፋል፤ መስኮቴም አብሮ ይዘጋል። አልፎ አልፎ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ይመጡና መስታወቱን ያንኳኳሉ። "ልጄ፣ ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?" ይላሉ። ፈተና ውስጥ ስለሌለ የማይታረም መልስ ያለኝ ለዚህ ብቻ ነው።

ፈተናው ለሁላችንም አንድ ነው። ባንክ ለመግባት፣ ክፍለ ከተማ ለመቀጠር፣ ከተቀጠሩም በኋላ ለመቆየት በየሩብ ዓመቱ ወቅታዊ ጉዳይ መፈተን ግድ ነው። ጥያቄዎቹ የሚወጡት ከአንድ የጋራ ቋት ነው፤ የቋቱን ሕግ የማያውቅ ደግሞ የለም። አንድ ጥያቄ በቋቱ ውስጥ የሚቆየው የሚስቱት ሰዎች እስካሉ ድረስ ነው። ከመቶ ተፈታኝ ዘጠናው ከመለሰው ሰውን ከሰው መለየት አቅቶታልና ጡረታ ይወጣል። ጡረታ በወጣበት ፈተና ላይ ጥያቄውን የሳተ ሰው፣ ሌላውን ሁሉ ቢያውቅም በቀጥታ ይወድቃል፤ ሁሉ የሚያውቀውን አላወቀማ። ከዚያ ጥያቄው ከጥናት ጥራዙ ይሰረዛል፣ ከግድግዳው ይወርዳል። ሁለተኛ የሚያነሳው አይኖርም። የማይጠየቅ ነገር ማወቅ እንደ ትርፍ አንጀት ነው፤ ካላመመ ማንም አያስታውሰውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጥናት ማኅበራችን ይሰበሰባል። እንደማንኛውም ማኅበር ተራ አለው፣ ሙሴ አለው፣ ቆሎ አለው። ሙሴያችን፣ ማኅበሩን የሚመሩት፣ ጋሽ ኖላዊ ናቸው፤ ክፍለ ከተማ ውስጥ የመሬት ክፍል ሠራተኛ ሆነው ሲፈተኑ የኖሩ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው። የጤና ጣቢያ ነርሷ ማክዳ አለች፤ የሰማችውን ሁሉ ትጽፋለች፣ የጻፈችውን ሁሉ ታምናለች። ከሁላችን ታናሽ በፀሎት ናት። ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰች ጀምሮ ባንክ ለመግባት ትፈተናለች፣ ትወድቃለች፣ ደግሞ ትፈተናለች። ባለፈው የወደቀችው ሁሉ ባወቀው ጥያቄ ነበር፤ የአንድ ባቡር ጣቢያ ስም ጠፍቶባት።

ማኅበርተኛ ሲወድቅ ልቅሶ እንደርሳለን። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። አሁን ግን ነጠላችንን አዘቅዝቀን ሄደን "እግዜር ያጥናሽ" ብለን ግድግዳ ሥር እንቀመጣለን፤ ንፍሮም ይቀርባል። የበፀሎት እናት በዚያን ቀን ደረታቸውን ሲመቱ ቀልዱ የት ጋ እንዳበቃ ማንኛችንም አላወቅንም።

አሁን ወደ ጥያቄው ልምጣ።

ባለቤቴ ያፌት ደርበው የከተማው የጎርፍ መውረጃ ጣቢያ የፈረቃ ኃላፊ ነበር። ከሦስት ክረምት በፊት ቀበና ሞልቶ ሞተሩ በተቃጠለ ጊዜ የመውረጃውን በር በእጁ ሊከፍት ወረደ። በሩ ተከፈተ። ስለዚህ ጉዳይ የምለው ይኸው ነው።

በዓመቱ ጥያቄ ሆኖ መጣ። "በቀበና ጎርፍ የመውረጃውን በር በእጁ ከፍቶ ሕይወቱ ያለፈው ባለሙያ ማን ይባላል? ሀ. ናትናኤል ጉልላት። ለ. ያፌት ደርበው። ሐ. ባሮክ ዘርዓይ። መ. መልሱ አልተሰጠም።"

እኛ አገር ሚስት በባሏ ስም አትጠራም። ሄራን ይትባረክ ብዬ በአባቴ ስም እፈርማለሁ። ከጎርፉ በኋላ ሰፈርም ቀይሬያለሁ። ማኅበርተኞቼ ባሌ መሞቱን ያውቃሉ። በምን እንደሞተ የጠየቀኝ ግን የለም፤ አራት ምርጫ የሌለው ጥያቄ መጠየቅ ሰው ትቷል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ጥያቄው መጀመሪያ በተነበበ ቀን ተራው የእኔ ነበር። ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጠናል።

"ይኼ ደግሞ ማነው?" አሉ ጋሽ ኖላዊ፣ ቆሎውን በመዳፋቸው እያሹ። "በር የከፈተ ሁሉ የሚጠየቅ ከሆነማ የእኛ ሕንፃ ዘበኛስ ምን በደለ?"

"የእኛ ዘበኛ በር ከፍቶ አያውቅማ ጋሼ" አለች በፀሎት።

"እኔ ናትናኤል ጉልላትን መርጬ ነበር" አለች ማክዳ።

"እሱ እኮ የመረብ ኳስ ፌዴሬሽን ነው!" አለች በፀሎት።

"ታዲያስ? ረጅም ሰው ነው። ለጎርፍ ይሆናል።"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ያፌት አጭር ነበር።

"ለ ነው" አልኩ።

"አንቺ ደግሞ የማታውቂው የለም" አሉ ጋሽ ኖላዊ። "እኛ በምን እንያዘው? እንዲህ ያለ ስም እኮ ፈተና ክፍል በር ላይ ነው ጥሎሽ የሚሄደው።"

በዚያው ወረቀት ላይ ግጥም ጻፍኩላቸው። የማስተርስ ጽሑፌን እስከ መጨረሻው ያነበቡት አማካሪዬና ባሌ ብቻ ናቸው፤ ባሌም መሐል ላይ ተኝቷል። ይኼኛው ግን ተነበበ፦

ጎርፉ መጣ ጎርፉ ደረሰ፣
ማን ነው በር ከፍቶ ያልተመለሰ?
ያፌት! ያፌት ደርበው!

በፀሎት በጭብጨባ አለችው። በሚቀጥለው ሳምንት የሕንፃችን ልጆች በገመድ ዘለሉበት። ከዚያ ሌሎች የጥናት ማኅበራት ያዙት፤ ከዚያ ግድግዳው ራሱ "የተፈታኞች ጥበብ" ብሎ በጠዋት አዜመው። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ረዳቱ "ማን ነው በር ከፍቶ ያልተመለሰ?" ሲል የታክሲው ሰው በአንድ አፍ መለሰ። ማንም አልተጠጋጋም። ባሌ በሕይወት ሳለ ስሙን ከነአባቱ የሚጠራው የደመወዝ ማሽኑ ብቻ ነበር። አሁን ከሞያሌ እስከ ሁመራ ሥራ ፈላጊ ሁሉ በጠዋት ይጠራዋል። ሰባቱን፣ አርባውን፣ ሙት ዓመቱን አውጥቻለሁ። እንደዚህ ያለ ተዝካር ግን አላወጣሁም ብዬ በልቤ ኮራሁ። ይኼን ያህል ስኮራ የቋቱን ሕግ ረስቼው ነበር። ለሰው ሁሉ የማስረዳውን ሕግ።

ያስታወሱኝ ጋሽ ኖላዊ ናቸው። የሩብ ዓመቱ ውጤት ሲለጠፍ ጡረታ ለመውጣት የተቃረቡትን ጥያቄዎች ጮክ ብለው ማንበብ ይወዳሉ፤ ሸክም ማቅለል ነው ይላሉ።

"የቡና ጨረታው፣ ተቃርቧል። የማዳበሪያ መርከቧ ስም፣ ተቃርቧል። የቀበናው በር ከፋች... ኧረ! ሰማንያ ዘጠኝ! በሚቀጥለው ፈተና ያበቃለታል። ተገላገልን!"

"እልል በሉ" አለች ማክዳ፣ ጥራዟ ላይ መስመር እያሰመረች።

"ሄራን ናት የጨረሰችው" አሉ ጋሽ ኖላዊ። "በዚያች ግጥሟ! እናንተ፣ ይቺ ሴትዮ እኮ ጥያቄ ገዳይ ናት!"

"እትዬ ሄራን፣ የማዳበሪያ መርከቧንም በግጥም ይግደሉልን" አለች በፀሎት።

ስኒዎቹን ሰብስቤ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። የታጠቡ ነበሩ። ደግሜ አጠብኳቸው።

መጀመሪያ ልጆቹን ሞከርኩ። ደረጃው ላይ ገመድ ሲዘሉ ቆም ብዬ፣ "ሌላ ዘፈን የላችሁም እንዴ?" አልኳቸው።

"ይኼ ነው ለገመድ የሚመቸው" አለችኝ አንዷ። "ቆይ፣ የዚህን መልስ አያውቁትም እንዴ?"

"አውቃለሁ።"

"ይበሉት እስቲ!"

አልኩት። ገመዱ መዞሩን ቀጠለ።

ከዚያ እርማትን አሰብኩ። በእኛ ዘመን ከእርማት የሚቀል ውሸት የለም፤ እውነቱም በዚያው ድምፅ ነው የሚነገረው። ከአሥር ከመቶ በላይ ሰው ቢስት ጥያቄው ይቆያል። አሥር ከመቶ ብዙ አይደለም፤ ማክዳ ብቻዋን አምስቱን ታዳርሳለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቆሎው እየተሰጠ እያለ፣ ግድ እንደሌለው ሰው፣ "የቀበናው ታርሟል እኮ" አልኩ።

"ማን ሆነ?" አሉ ጋሽ ኖላዊ።

"ሀ። ናትናኤል ጉልላት።"

"አላልኳችሁም?" አለች ማክዳ። "ረጅም ሰው ነው ብዬ ነበር።" ጻፈችው።

በፀሎት ብቻ ቀና አለች። "መቼ ተነበበ እትዬ?"

"ሐሙስ።"

"ሐሙስ ሰምቻለሁ ግን..." አለችና ራሷን ተጠራጠረች። ሦስት ጊዜ የወደቀ ሰው ከጆሮው ይልቅ ሌላውን ያምናል። ዓይኗን ጨፍና "ናትናኤል ጉልላት፣ ናትናኤል ጉልላት" አለች፣ መራራ መድኃኒት እንደምትውጥ። እኔ ቆሎ አሳለፍኩ። ይህችን ልጅ እወዳታለሁ። ያን ጊዜም እወዳት ነበር፤ ግን ሒሳቤን አላበላሸብኝም።

ሳምንቱን ሙሉ ስለ ያፌት ምንም አልሰማሁም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተራው እኔ ቤት ደርሶ ነበር፤ ጋሽ ኖላዊ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ጀመሩ።

"ሄራን! ያ በር ከፋችሽ እኮ ሸሽቶ ነው አሉ የሞተው።"

"ማን ነው ያለው?"

"ማን ያላለ አለ? መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሲወራ ሰነበተ። መልሱ የታረመው ለምን መሰለሽ? በሩን የከፈተው ናትናኤል ነው። ያኛው ቁልፉን ጥሎ ሲሮጥ ነው ውሃው የደረሰበት።"

"የመረብ ኳሱ ናትናኤል?"

"እሱ ወይም ሞክሼው። ዝርዝሩ ምን ያደርግልናል? ፈተና ላይ የለም።" ከዚያ ከወንበራቸው ላይ ሆነው አጨበጨቡ። "እንዲያውም ግጥምሽን አርሜልሻለሁ። ጎርፉ መጣ ጎርፉ ደረሰ፣ ማን ነው ቁልፉን ጥሎ የፈረጠጠ!"

"ቤት አይመታም ጋሼ" አለች በፀሎት እየሳቀች።

"ፈሪ ምን ቤት ይመታል!"

"አልሸሸም" አልኩ።

"እ?" አሉ ጋሽ ኖላዊ።

"ቆሎው አልበቃም። ልጨምር።"

ማድ ቤት ገብቼ የቆሎውን ዕቃ ከፈትኩና ዘጋሁት። ደግሜ ከፈትኩት። በሩን የከፈተው ያፌት ነው ብሎ የሚያውቅ ሰው ቢበዛ ስሙ ይጠፋል። ስሙ እንዲቆይ ደግሞ ፈሪ መሆን አለበት። ይህን ያህል ንጹሕ የሆነ አጣብቂኝ በገዛ እጄ መሥራቴ ገረመኝ። የአሞሌ ጨው ላይ ይህን ያህል ተሳክቶልኝ አያውቅም።

ፈተናው የሚሰጠው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ሰልፉ ከአጥሩ ውጪ ይጀምራል፤ ሁሉም ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ከሩቅ ላየው ሰው ጸሎት ይመስላል። በፀሎት ከፊቴ ነበረች። የእናቷን ሻርፕ ለብሳለች።

"እትዬ ሄራን" አለችኝ ዘወር ብላ፣ "ናትናኤል ጉልላት አይደል? አደራ፣ እንዳይምታታብኝ። ይኼኛው ጡረታ ከወጣና ከሳትኩት ዘንድሮም አለቀልኝ። እማዬ አሁንስ ልቅሶ አትቀመጥም፤ ራሷ ነው የምትሞተው።"

ተዘጋጅቼ የመጣሁት ዝም ልል ነበር።

"አይደለም" አልኩ። "ያፌት ደርበው ነው።"

"ታርሟል ብለው?"

"አልታረመም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። አልሸሸምም።"

"መሸሹን ይተዉት፣ ፊደሉን ይንገሩኝ። ለ ነው ሀ?"

"ለ።"

"ይማሉ?"

"እምላለሁ።"

"በማን?"

ዱሮ የምምልበት ሰው ነበር። ስሙን ጠርቼ "ይሙት" እል ነበር፤ ሰውም ያምነኝ ነበር።

"በመድኃኔዓለም" አልኩ።

በፀሎት ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ሰልፉ አዙራ፣ ያለ ምንም ሐፍረት፣ በእጇ እያጨበጨበች ጀመረች። "ጎርፉ መጣ ጎርፉ ደረሰ!" ከኋላችን አንድ ጎልማሳ "ታርሟል እኮ!" አላት። "አልታረመም! የባንክ ሴትዮ ምላለች!" አለችው። ሁለት ልጃገረዶች ተቀበሏት። ከዚያ ጥበቃው፣ እሱም ተሰልፎ ነበር፣ "ማን ነው በር ከፍቶ ያልተመለሰ?" አለ በወፍራም ድምፅ። አጥሩን ይዞ የሚዞረው ሰልፍ ሁሉ እየሳቀ መለሰ። ማክዳም ከፊት ሆና ስትሰርዝና ስትጽፍ ታየችኝ። ጋሽ ኖላዊ ከሩቅ "ሄራን! አንቺ ነሽ ወይስ ሌላ ሰው ነው የሚያምሰን?" ብለው ጮኹብኝ፤ እሳቸውም ዘፈኑት፣ ቤት የሚመታውን።

ሦስት ጊዜ ተደገመ። ቆሜ ሰማሁት። ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ ብዬ ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ ሳብኩ። አቧራ አልነበረም፤ ዘንቦ ነበር።

ፈተና ክፍሉ ጠባብ ሳጥን ነው፤ አንድ ወንበርና አንድ ብርሃን አለው። ጥያቄው ከሰሊጡ በኋላ መጣ። አራቱ ስሞች ከፊቴ በሩ። ለሰው ውሸት መስጠት እንደማልችል አጥሩ ሥር አረጋግጫለሁ። የራሴን መልስ ግን ማንም አይከለክለኝም። ከስንት መቶ ሺህ ተፈታኝ አንዷ ነኝ፤ ምናልባት አሥር ከመቶውን የሚያሳልፈው ሰው እኔ ብሆንስ? የኢኮኖሚ ታሪክ ምሩቅ ነኝ፣ ቁጥር እችላለሁ፤ እንደማይሆን አውቄያለሁ። ቢሆንም "ሀ" ላይ ተጫንኩ። በዚህች አገር ውስጥ በሩን ማን እንደከፈተ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔም ናትናኤል ጉልላት ነው አልኩ። በልቤ "ይቅር በለኝ፣ እንድትቆይ ነው" አልኩት። መብራቱ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ስለ ጣሪያ ክዳን ቆርቆሮ ነበር። እሱን አገኘሁት።

ውጤቱ በሳምንቱ ተለጠፈ። ጥያቄው ዘጠናን አልፎ ጡረታ ወጣ። በፀሎት አለፈች። ማክዳ አለፈች። ጋሽ ኖላዊ እንደ ልማዳቸው በጭንቅ አለፉ። እኔ በቀጥታ ወደቅሁ። ማረጋገጫዬ ጠዋት ላይ፣ ለአንድ ሽማግሌ ሽንት ቤቱን ላሳያቸው በተነሳሁበት ቅጽበት፣ ከራሴ በላይ ጠፋ። ሽማግሌው ወደ ላይ አይተው፣ "መብራት ሄደ?" አሉኝ።

"ሄደ አባቴ። በቀኝ በኩል ነው።"

ከሰዓት በኋላ ልቅሶ ደረሱኝ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ማክዳ ንፍሮ ይዛ መጥታለች። ጋሽ ኖላዊ ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ጭንቅላታቸውን ወዘወዙ።

"እግዜር ያጥናሽ። ቆይ ግን ሄራን፣ ሕፃን በገመድ የሚዘልበትን ጥያቄ?"

"ያውም የራሷን ግጥም!" አለች ማክዳ።

"ምነው፣ አውቆ አበድ ሆነሽ ነው?"

"ጠፋብኝ" አልኩ።

"እኛን ሰልፍ ላይ አስዘፍነሽ ላንቺ ጠፋብሽ?"

"እንዲህ ያለ ስም ፈተና ክፍል በር ላይ ነው ጥሎ የሚሄደው ብለው አልነበር?"

ጋሽ ኖላዊ መሳቅ ጀምረው ልቅሶ ላይ መሆናቸው ትዝ አላቸው።

ወንበር አነሰና በፀሎት ከመኝታ ቤቴ ልታመጣ ገባች። ቆየች። እዚያ ከበሩ ጀርባ የያፌት የሥራ ሰደርያ እንደተሰቀለ ነው፤ ደረቱ ላይ ስሙ ከነአባቱ በነጭ ክር ተጠልፏል። ማንም እዚያ ገብቶ አያውቅም ነበር።

ያለ ወንበር ተመለሰች። ሻይ ላፍላ ብዬ ማድ ቤት ስገባ ተከተለችኝና በሩን ገርበብ አደረገችው።

"እትዬ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?"

ከልማድ የተነሣ ምርጫዎቹን ጠበቅሁ። ምርጫ አልነበረም። በፀሎት ጠረጴዛውን ይዛ ቆማለች፤ መልሱን የማታውቀውን ጥያቄ ጠይቃ መቆም እንዴት እንደሆነ የጠፋት ትመስል ነበር።

"ወቅታዊ ጉዳይ አያውቅም ነበር" አልኩ። "ዜና ሲነበብ ይተኛል። በየፈተናው በእኔ ጉትጎታ ነው የሚያልፈው፤ ሁለቴ ወድቋል። ግራ ከገባው ሁልጊዜ 'መ' ነው የሚለው። 'መልሱ አልተሰጠም' ማለት አያሳፍርም ይላል። ይኼን የእሱን ጥያቄ ራሱን ቢጠይቁት..."

"'መ' ይሉ ነበር?"

"'መ' ይል ነበር።"

በፀሎት ፈገግ አለች፤ እኔ ግን ሳቅሁ። በቁሜ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ የማላውቀው ነገር ሆነና አልቆም አለኝ። ሦስት ክረምት አፍኜ የያዝኩት ድምፅ ከጉሮሮዬ ወጣ። በፀሎት ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ተቀበለችኝና ትከሻዬን ያዘችኝ።

"አይዞሽ ሄራን!" አሉ ጋሽ ኖላዊ ከሳሎን፣ ድምፃቸው በእውነት ራርቶ። "ድጋሚ ፈተና አለ እኮ! በአንድ ጥያቄ ይኼን ያህል አይለቀስም!"

"ይተዉዋት ጋሼ" አለች በፀሎት። "ታልቅስ።"

ማክዳም አብራ አለቀሰች፤ እሷ የሰማችውን ሁሉ ታምናለች። ጋሽ ኖላዊም በመጨረሻ መሐረባቸውን አወጡ። የወደቀ ሰው በእንዲህ ያለ ልቅሶ ተለቅሶለት አያውቅም ተባለ። እስካሁንም በማኅበሩ ውስጥ ይወራል፤ በአንድ "ሀ" የተነሣ ማድ ቤት ውስጥ ስላለቀሰችው የተማረች ሴት። እኔም ሲያወሩ አብሬ እስቃለሁ። በፀሎት አትስቅም። አሁን መስኮት አላት፤ ከእኔ መስኮት ቀጥሎ ያለው። እኔ ድጋሚውን ተፈትኜ አልፌአለሁ፤ የመኪና ጎማ አስመጪዎችን ሁሉ ስም በቃሌ ይዤ።

አዲሱ ጥራዝ ሰኞ ደረሰኝ። ቁርሴን እየበላሁ ገለጥኩት። የአደጋ መከላከል ምዕራፍ እንደ ወትሮው በመሬት መንሸራተት ይጀምራል፤ ከዚያ የሰደድ እሳት፣ ከዚያ ጎርፍ። በጎርፉ ሥር ስለ ቦይ ጠረጋ አንድ ጥያቄ አለ፤ ስለ ዝናብ መለኪያም አንድ አለ። ከእነሱ ቀጥሎ ስለ ድርቅ ይመጣል። የቀበናውን በር ማን እንደከፈተ የሚጠይቅ ጥያቄ የለም።